60 ሺህ መስመር ሎግ ይዤ ምን ላድርግ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በአንድ ዩኒቨርሲቲ የርቀትና የማታ ተማሪዎችን በሙድል (የኦንላይን ትምህርት መድረክ) አስተምራለሁ። በዚህ ሴሚስተር 112 ተማሪዎች አሉኝ። የኮርሱን ሎግ (ማን መቼ ምን እንደነካ የሚመዘገብበትን ዝርዝር) ወደ ኤክሴል ሳወርደው ከ60 ሺህ በላይ መስመር ሆነ። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ‹ዳሽቦርድ ሠርተህ አምጣ፤ ማን እየተከታተለ፣ ማን እየጠፋ እንደሆነ በምስል ይታይ› ብለውኛል። ፓወር ቢአይ የሚባለውን የዳታ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም ልማር? ደግሞስ በክሊክ ብዛት የተሳትፎ ነጥብ ብሰጥ ምን ይመስልዎታል?»

ሰላም መምህር። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ፤ መልሱ አጭር ነው። በክሊክ ብዛት ነጥብ አይስጡ። ለክሊክ ነጥብ የሚሰጥ መምህር ክሊክ ያገኛል። በሁለተኛው ሳምንት ተማሪዎችዎ ገጹን እየከፈቱ እየዘጉ ቁጥር ሲያከማቹ ያያሉ። ያኔ የሚበላሸው ነጥቡ ብቻ አይደለም፤ ሎጉም ይበላሻል። አሁን እጅዎ ላይ ያለው ሎግ የሚጠቅምዎት ተማሪው ለነጥብ ብሎ ያልተወው ዱካ ስለሆነ ነው። እሱን አያጥፉት።

ፓወር ቢአይ መማር ክፋት የለውም። ለዚህ ሥራ ግን አሁን አያስፈልግዎትም። ኤክሴል ይበቃዎታል። አንድ የኤክሴል ሺት 1,048,576 መስመር ይይዛል፤ 60 ሺህ ለሱ ቁርስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። «ዳሽቦርድ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ከላይ ሦስት ትልልቅ ቁጥሮች፣ መሃል ላይ ፓይ ቻርት፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ መስመር። ለስብሰባ ያምራል። «ከ112ቱ ለማን ልደውል?» ብለው ቢጠይቁት ግን ዝም ይላል። የእርስዎን 60 ሺህ ለ112 ያካፍሉት፤ በተማሪ ወደ 536 ክሊክ ይመጣል። እሺ፣ ከዚያስ?

ሁለት ተማሪዎች እናስብ። አንዷ ለ70 ቀን በየቀኑ ሁለት ሁለት ጊዜ ገባች። ድምሩ 140። ሌላው 70ውን ቀን ሙሉ ጠፍቶ ከርሞ፣ በፈተናው ዋዜማ ሌሊቱን 140 ጊዜ ሲነካካ አደረ። በድምር እኩል ናቸው። በአማካይም እኩል ናቸው። ባር ቻርት ላይ ጎን ለጎን እኩል ቆመው ይታያሉ። ለአስተማሪ ግን እነዚህ ሁለት ሰዎች ሰማይና ምድር ናቸው።

ስለዚህ የምመክርዎት በአንድ ምስል እንዲጀምሩ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ መስመር፣ እያንዳንዱ ቀን አንድ አምድ፤ በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ተማሪው በዚያ ቀን የሠራው ብዛት በቀለም። ብዙ ከሆነ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ትንሽ ከሆነ ፈዘዝ ያለ፣ ምንም ከሌለ ነጭ። ሂትማፕ ይሉታል፤ እኔ ካርታ እለዋለሁ። 112 መስመር በ100 ምናምን አምድ ነው፤ ኤ3 ወረቀት ላይ ቢያትሙት ሴሚስተሩ ሙሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ቪዥዋል አናሊቲክስ የሚባለው ሙያ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። መቁጠሩን ለማሽን፣ ቅርጽ መለየቱን ለዓይን፣ «ይሄ ለምን ሆነ?» ብሎ መጠየቁን ደግሞ ለሰው መተው ነው። ቤን ሽናይደርማን የሚባሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 የጻፉት ቅደም ተከተል እስካሁን ይሠራበታል። መጀመሪያ ሙሉውን ማየት፣ ቀጥሎ የሚፈልጉትን ማጉላትና ሌላውን ማጣራት፣ ዝርዝሩን ደግሞ ሲያስፈልግ ብቻ ማውጣት። ዳሽቦርድ ሠሪ በብዛት የሚዘለው የመጀመሪያውን ነው። ሙሉውን ሳያይ ማጠቃለያውን ያወጣል።

ከሙድል ሪፖርት ውስጥ ሎግስ ብለው ያወረዱት ፋይል ሰዓት፣ የተጠቃሚ ስም፣ ኢቨንት ኮንቴክስት፣ ኮምፖነንት፣ ኢቨንት ኔም፣ ዲስክሪፕሽን፣ ኦሪጅን እና የአይፒ አድራሻ (መሣሪያው ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) የሚሉ አምዶች አሉት። ለመጀመሪያው ካርታ ሰዓቱና ስሙ ብቻ ይበቃሉ። ፒቮት ቴብል፣ ማለትም ኤክሴል ራሱ ቆጥሮ የሚያጠቃልልበትን ሰንጠረዥ፣ ያስገቡ፤ ስሙን በመስመር፣ ቀኑን በአምድ፣ ቆጠራውን መሃል ላይ። ከዚያ ሳጥኖችን እንደ ቁጥራቸው ወደሚያቀልመው ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ገብተው ቀለም ይስጡት። ለለመደ ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ግን ቆይ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚወድቅባቸው ጉድጓዶች አሉ።

አንደኛው እርስዎ ራስዎ ነዎት። ከ60 ሺው መስመር ውስጥ ቀላል የማይባለው የእርስዎ ክሊክ ነው። ፋይል ሲጭኑ፣ ሲያርሙ፣ ኩዊዝ ሲሞክሩ ሙድል ሁሉንም ይጽፋል። የእርስዎንና የአድሚኑን ስም መጀመሪያ አጣርተው ያውጡ። ሁለተኛው የሰዓቱ አምድ ነው። ኤክሴል ብዙ ጊዜ እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቀን አያነበውም። ወርና ቀን የተገለባበጡበትም አጋጣሚ አለ። 3ኛው ወር 4ኛ ቀን የነበረው 4ኛው ወር 3ኛ ቀን ይሆናል። የሚያውቁትን አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ኩዊዝ የሰጡበትን፣ ፈልገው ያመሳክሩ።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። ሎግ የሚጽፈው የመጣን ሰው ብቻ ነው። አንድም ቀን ገብቶ የማያውቅ ተማሪ ሎጉ ውስጥ ስሙ የለም። ስለዚህ ከሎግ የተሠራ ፒቮት ቴብል ላይም የለም። ማለትም ሊያገኙት የፈለጉት ያ «የጠፋ» ተማሪ ከምስልዎም ጠፍቷል! ፒቮቱ 112 ሳይሆን 104 መስመር ካወጣልዎት ስምንቱ የት ሄዱ ብለው ይደንግጡ። መፍትሔው ከስም ዝርዝሩ መነሳት ነው። የተመዘገቡትን 112 ስሞች ከሬጅስትራር ወይም ከሙድል የተሳታፊዎች ገጽ ወስደው ይደርድሩ፤ ቆጠራውን በቪሉካፕ (ስም ፈልጎ ቁጥሩን በሚያመጣው የኤክሴል ፎርሙላ) ይሙሉበት። ያልተገኘው ሁሉ ዜሮ ነው። ቀኖቹም እንደዚሁ ናቸው። ማንም ያልገባበት ቀን ፒቮቱ ላይ አምድ የለውም፤ ከቀን 1 እስከ መጨረሻው በእጅዎ ይጻፉት።

ቀለሙ ላይ ደግሞ ኤክሴል በራሱ እንዲመርጥ አይተዉት። በአንድ ቀን 400 ክሊክ ያደረገ አንድ ሰው ካለ፣ ኤክሴል ያንን ጥቁር ሰማያዊ አድርጎ የቀረውን ሁሉ ያነጣዋል። አራት ደረጃ ይበቃል። ዜሮ፣ ከ1 እስከ 5፣ ከ6 እስከ 20፣ ከ20 በላይ። ቀይና አረንጓዴም አይጠቀሙ። ሁለቱን መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ በተለይ ወንዶች። ከዚያ በላይ ግን ቀይ ፍርድ ነው። ገና ምንም ሳንጠይቅ ፈርደን መጨረስ የለብንም።

አሁን አንድ የኛ ነገር ላንሳ፤ የውጭ መመሪያዎች ላይ አያገኙትም። ሙድል ሰዓት የሚያስቀምጠው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ቁጥር ነው። የሚያሳይዎት በፕሮፋይልዎ ላይ ባለው የሰዓት ቀጠና ነው። ቀጠናው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ላይ ከተተወ ሁሉም ነገር 3 ሰዓት ይዛነፋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። አሁን ኮርሱ ውስጥ ይግቡ፣ ስልክዎን ይዩ፣ ሎጉን ይዩ።

ያ ከተስተካከለ በኋላም ችግር አለ። የማታ ተማሪ ከሥራ ገብቶ፣ ልጆች ተኝተውለት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምርና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይጨርሳል። ለእሱ አንድ ማታ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑ ተቀይሯል። አንዱ ጥናት ካርታው ላይ ሁለት ቀን ሆኖ ይታያል። ማክሰኞ ማታ ያጠና ሰው ረቡዕም ያጠና ይመስላል። እኔ የምጠቀመው ዘዴ ቀኑን በኛ አቆጣጠር ማስጀመር ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት። ኤክሴል ውስጥ ሰዓት የቀን ክፍልፋይ ስለሆነ፣ ከሰዓቱ አምድ ላይ 0.25 መቀነስ 6 ሰዓት መቀነስ ማለት ነው። ቀኑን የሚያወጡት ከቀነሱ በኋላ ነው። በዚህ ሌሊቱ ከምሽቱ ጋር ይጣበቃል። ምርቃቱ ደግሞ ሰዓቱም ወደ ሐበሻ ሰዓት መግባቱ ነው። በፈረንጅ 7 የነበረው 1 ሰዓት ይሆናል፤ በፈረንጅ 21 የነበረው 15 ይሆናል፤ 12 ሲቀንሱለት ከምሽቱ 3።

ይሄን ስል የማስረከቢያ ሰዓት ትዝ አለኝ። ሙድል ላይ 11:59 ፒኤም ብለው ካስቀመጡ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለትዎ ነው። 11:59ን በሐበሻ ሰዓት አንብቦ እስከ ንጋት ጊዜ ያለው የሚመስለው ተማሪ ሊኖር ይችላል። ካርታዎ ላይ ከማለቂያው በኋላ ሌሊት 9 እና 10 ሰዓት ላይ የሚያስረክቡ ሰዎች ከተሰበሰቡ፣ ስንፍና ነው ከማለትዎ በፊት ይሄን ይጠይቁ።

ቀኖቹንም በወርና በቀን ሳይሆን ኮርሱ ከተጀመረበት ዕለት ቢቆጥሩ ይሻላል። ቀን 1፣ ቀን 2፣ ቀን 45። ከኢትዮጵያና ከፈረንጅ ካሌንደር ጭቅጭቅም ይገላግልዎታል፤ የዘንድሮውን ክፍል ከከርሞው ጋር ጎን ለጎን ለማስቀመጥም ያመቻል።

መስመሮቹን በስም ፊደል ቅደም ተከተል ከተዉ ካርታው ዝንጉርጉር ጨርቅ ነው፤ ምንም አይነግርዎትም። እያንዳንዱ ተማሪ ለመጨረሻ ጊዜ በገባበት ቀን ይደርድሯቸው። ቀድመው የጠፉት ከላይ፣ እስከ ትናንት የገቡት ከታች። በቅጽበት ደረጃ የመሰለ ጠርዝ ይወጣል። ደረጃው ቀስ በቀስ የሚወርድ ከሆነ ተማሪዎች በየራሳቸው ምክንያት እየወጡ ነው። አንድ ቦታ ላይ ገደል ከሆነ ግን፣ ማለትም 15 ሰው በአንድ ሳምንት ካቆመ፣ ነገሩ ከተማሪዎቹ ይልቅ ከኮርሱ ነው የሚመስለው። ያን ሳምንት ምን ሰጡ? ምዕራፍ 4 ነበር? ከባዱ አሳይመንት ነበር? እኔ ከካርታ ሁሉ የምወደው ይሄን ነው። አስተማሪው ተማሪ ሊፈትሽበት ከፍቶት ራሱን ያገኝበታል።

ከላይ ወደ ታች የሚሄዱ ጥቁር ሰንበሮች ያያሉ፤ የኩዊዝና የማስረከቢያ ዋዜማ ናቸው። የሚጠበቅ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ነጭ ሰንበር ካዩ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ጠፍተዋል ማለት ነው። 112 ሰው ተማክሮ አይጠፋም። ወይ በዓል ነው፣ ወይ መብራት ሄዷል፣ ወይ ኔትወርክ ወይም ሰርቨሩ ወድቋል። ገናን፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን፣ ዒዶቹን ካርታው አናት ላይ ምልክት ያድርጉባቸው። እንዲህ ያለው ነጭ ሰንበር ማስረከቢያው ቀን ላይ ካረፈ ቀኑን ያራዝሙላቸው፤ ማስረጃው እጅዎ ላይ ነው።

በአግድም ደግሞ የየሰው ጠባይ ይታያል። እሑድ እሑድ ብቻ የሚገባ አለ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ዘግይቶ የጀመረ አለ፤ ምዝገባው ዘግይቶበት ይሆናል። ከእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ሦስት መስመር መርጠው ወደ ዝርዝሩ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ኦሪጅን የሚለው አምድ «ዌብ» ካለ በብራውዘር ነው የገባው፤ «ደብልዩ ኤስ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ በሙድል የስልክ አፕ ነው። ክፍልዎ ግማሹ በስልክ የሚማር ከሆነ ትምህርቱ ውስጥ በስድስት አምድ የሠሯት ሰንጠረዥ በስልክ ላይ ለማን እንደምትነበብ ያስቡት።

አሁን ስለ ራሴ ስህተት ልንገርዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ተቋም እንዲህ ያለ ካርታ ሠራሁ። ከላይ ነጭ የሆኑትን 9 ተማሪዎች «የጠፉ» ብዬ በልበ ሙሉነት ጻፍኩ። ለአንዱ ራሴ ደወልኩ። «ጋሼ፣ እኔ መቼ ጠፋሁ?» አለኝ። ለካ የክፍሉ ተወካይ ፒዲኤፉን ሁሉ እያወረደ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቅላቸዋል። ልጁ ከዚያ ይወስድና ግቢው በር ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ፣ አስጠርዞ ያነባል። ሙድል ላይ ብቅ የሚለው ለኩዊዝ ብቻ ነው። ሚድ ፈተና ላይ ከክፍሉ ሦስተኛ ወጣ። በዚያው ካርታ «ኮከብ» ያልኳትን ተማሪ ደግሞ ዝርዝሯን ሳየው፣ አንዱን ገጽ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ከፍታዋለች። ትጋት መስሎኝ ነበር። ኔትወርኳ እየተቆራረጠ ገጹ አልከፈት ብሏት ነው። እኔ የሸለምኩት የኢንተርኔቷን ችግር ነው።

ከዚያ ወዲህ ሎግ ሳይ ሁለት ነገር ለራሴ እላለሁ። ነጭ ማለት «እዚህ አላየሁትም» ነው እንጂ «አልተማረም» አይደለም። ጥቁር ማለትም «ነካክቷል» ነው እንጂ «ገብቶታል» አይደለም። አይፒ አድራሻም ያው ነው። 30 ተማሪ ከአንድ አይፒ ከገባ አንድ ሰው ለሁሉም እየሠራላቸው ነው ብለው አይደምድሙ፤ የኮምፒውተር ላብ በሙሉ ወደ ውጭ የሚታየው በአንድ አድራሻ ሊሆን ይችላል።

ክሊክ ይህን ያህል ደካማ ከሆነ ምን እንጠቀም? ሥራን እንጨምርበት። ሬኔ ኪዚልሴክ የሚባሉ ተመራማሪ ከክሪስ ፒችና ከኤሚሊ ሽናይደር ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን መድረክ ላይ የተሰጡ ሦስት የስታንፎርድ ኮርሶችን ሲያጠኑ የተጠቀሙበት መንገድ ቀላልና ግሩም ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ በየምዕራፉ ከአራት አንዱን መለያ ሰጡ። ሥራውን በጊዜው ያስረከበ፣ ዘግይቶ ያስረከበ፣ ሳያስረክብ ቪዲዮውን ግን ያየ፣ ጨርሶ ያልነበረ። ከዚያ ተመሳሳይ ጉዞ ያላቸውን ሲያሰባስቡ አራት ዓይነት ሰው ወጣ። የሚጨርሱ፣ ሳያስረክቡ እየተከታተሉ የሚዘልቁ፣ ጀምረው ቀስ በቀስ የሚተዉ፣ አንድ ሁለት ቦታ ቀምሰው የሚሄዱ። ለእርስዎ ይሄ ሁለተኛው ካርታ ይሁን። 112 መስመር፣ ቀን ሳይሆን ሳምንት በአምድ፣ አራት ቀለም። ከመጀመሪያው በጣም አጭር ነው፤ ለማንበብም ይቀላል። ያ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄደው ልጅ እዚህ ላይ «በጊዜው ያስረከበ» ሆኖ ይወጣ ነበር፤ እኔም አላፍርም ነበር።

ኃላፊዎ «ስንት በመቶ ቀረ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እዚያ ላይ ካስማዎን አስቀድመው ይትከሉ፤ ከስንት ነው የሚቆጠረው? ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2012 በከፈተው የመጀመሪያው ነፃ የኦንላይን ኮርስ፣ የሰርኪዩትና ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ 154,763 ሰው ተመዘገበ። የመጀመሪያውን የቤት ሥራ የሞከረው 23,349 ነው። ሰርተፍኬት ያገኘው 7,157። ከተመዘገበው ካሰሉት ያለፈው 4.6 በመቶ ነው፤ ውርደት። የቤት ሥራ ከሞከረው ካሰሉት ወደ 31 በመቶ ነው፤ ጥሩ ነው። ያው ኮርስ፣ ያው ተማሪ። የእርስዎ ተማሪ ከፍሎ የተመዘገበ ስለሆነ እንደዚያ ከጉጉት ብቻ ስሙን ያስገባ አይደለም፤ ቢሆንም ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፉ። አንዱን ብቻ የሰጡ ዕለት ስብሰባው በዚያ ቁጥር ላይ ይነዳል።

ስለ ማስጠንቀቂያ መብራትም ልንገርዎት፤ ዳሽቦርድ ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ እሱ ነውና። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ኮርስ ሲግናልስ የሚል ሥርዓት ነበረው። ለተማሪው እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ያሳየዋል። ሲግናልስ ያለባቸውን ሁለትና ከዚያ በላይ ኮርሶች የወሰዱ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የመቆየት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው ተባለ። ዓለም አጨበጨበ። እ.ኤ.አ. በ2013 ማይክል ኮልፊልድና አልፍሬድ ኤሳ የሚባሉ የትምህርት ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ቁጥሩን ገልብጠው አዩት። ብዙ ሲግናልስ ኮርስ የወሰደው እኮ ቀድሞውኑ የቆየው ተማሪ ነው! በመጀመሪያው ሴሚስተር ትቶ የሄደ ሰው ሁለተኛ ኮርስ ከየት ያመጣል? ኤሳ ይሄን ለማሳየት በኮርስ ፋንታ ለተማሪ ቸኮሌት ብንሰጥስ ብሎ አሰላው። ብዙ ቸኮሌት ያገኘው ብዙ የቆየው ሆኖ ተገኘ። ይሄን የምነግርዎት መብራቱን ለማንቋሸሽ አይደለም። «ፎረም ላይ ብዙ የጻፉ ተማሪዎች ኤ አገኙ» የሚል ግራፍ ሠርተው ይዘው ሊሄዱ ሲሉ ቸኮሌቱን ያስቡት። ጎበዝ ስለሆነ ይሆናል የሚጽፈው።

በተማሪዎችዎ ላይ ከመሞከርዎ በፊት እጅዎን ማፍታታት ከፈለጉ፣ የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ የርቀት ትምህርት ዋና ቤት የሆነው፣ ስም የተፋቀለት የተማሪ ዳታ በነፃ ለቋል። እ.ኤ.አ. የ2013 እና የ2014 ነው። 7 ኮርሶች በ22 ዙር፣ 32,593 ምዝገባዎች፣ ከ10.6 ሚሊዮን በላይ የክሊክ መስመሮች። ያ ኤክሴል ላይ አይገባም፤ ከትንንሾቹ ኮርሶች የአንዱን አንድ ዙር ለይተው ያውጡ። ቀኑ ኮርሱ ከተጀመረበት ዕለት የተቆጠረ ነው፤ ከመጀመሩ በፊት ገብቶ የነካካ እንኳ በኔጌቲቭ ቁጥር ተጽፏል። የእያንዳንዱ ውጤትም አለ። 12,361 አለፉ፣ 3,024 በማዕረግ፣ 7,052 ወደቁ፣ 10,156 አቋርጠው ወጡ። ውጤቱን ሸፍነው ካርታውን ይሥሩ፣ ማን ያቋርጣል ብለው ይገምቱ፣ ከዚያ ገልጠው ይዩ። ዓይንዎ የሚሳሳተው የት ላይ እንደሆነ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይማራሉ።

ለኃላፊዎ ይዘው የሚገቡት ሁለቱን ካርታ ነው፤ ስም ሳይኖርባቸው። ስሙን በኮድ ይቀይሩት፤ ቁልፉ እርስዎ ጋ ይቅር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይሄ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕጉ ባይኖርም እኔ አላደርገውም ነበር። ስም ያለበት ካርታ ስብሰባ ላይ ከተሰቀለ ማንም ሰንበሩን አያይም፤ «እንትና እኮ የእንትና ልጅ ነው» ወደሚለው ይገባል። ተማሪዎቹም ሎጉን እንደሚያዩና ለምን እንደሚያዩት ይንገሯቸው። ፎረሙ ላይ ሁለት መስመር ይበቃል። ለነጥብ እንዳልሆነ በግልጽ ይጻፉ።

ለማን ልደውል ወደሚለው ልመለስ። ሰው ሁሉ ከካርታው አናት ይጀምራል፤ በሁለተኛው ሳምንት ከጠፉት። እነዚያን የሚመልስ ስልክ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። እኔ የምጀምረው ከመሃል ነው፤ ለስድስትና ለሰባት ሳምንት ደህና ጠቁሮ ሄዶ ባለፉት አሥር ቀናት ከነጣው መስመር። ከ112 ውስጥ እንዲህ ያሉት ጥቂት ይሆናሉ፤ በአንድ ማታ ደውለው ይጨርሷቸዋል። «ሎጉ ላይ አላየሁህም» ብለው አይጀምሩ፤ ልጁ ይደነግጣል። «ምዕራፍ 5 እንዴት ነው፣ ከበደ እንዴ?» ይበሉት። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይደውሉ፤ ቀን ቀን ሥራ ላይ ናቸው።